ባጃጁን አፕ ላይ ላስመዝግበው ወይስ ልቆይ? የድሬ ሰዎች ምከሩኝ

ገንደቆሬ_ባጃጅ

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ድሬዳዋ ላይ ባጃጅ እነዳለሁ። ባጃጁ የራሴ አይደለም፤ ለባለንብረቱ በየቀኑ ሂሳብ አስገባለሁ። ሰሞኑን ሁለት ልጆች ቅጽ ይዘው ተራችን ድረስ መጥተው ነበር። እንደ አዲስ አበባው በስልክ አፕ ደንበኛ የሚያገናኝ ድርጅት ሊከፍቱ ነው። የመንጃ ፈቃድና የሊብሬ ኮፒ ይወስዳሉ፣ አፑን ስልክህ ላይ ይጭኑልሃል፣ አለቀ። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ኮሚሽን የለም አሉ። «ከዚያ በኋላስ ስንት ነው?» ብዬ ስጠይቅ «ያኔ እናሳውቃለን» ነው መልሳቸው።

ተራው ለሁለት ተከፈለ። ወጣቶቹ እዚያው ፈረሙ። ነባሮቹ «አቦ፣ ይሄ ነገር ደንበኛችንን ከእጃችን ሊወስድ ነው» ብለው ቅጹን አንነካም አሉ። እኔ መሃል ላይ ቀረሁ። ካልገባሁ ጓደኞቼ ጥሪ ሲቀበሉ እኔ በድሬ ፀሐይ ተራ ስጠብቅ ልውል ነው። ከገባሁ ደግሞ ነገ ምን እንደሚቆርጡብኝ አላውቅም። ልጆች አሉኝ፤ በሙከራ የማጠፋው ገንዘብ የለኝም።

አዲስ አበባ በአፕ የሠራችሁ፣ ተሳፋሪዎችም ብትሆኑ፣ እውነቱን ንገሩኝ።

ቪትዝ_ከአዲሳባ

ወንድሜ፣ እኔ ቪትዝ በብድር ገዝቼ አዲስ አበባ በአፕ ስሠራ ኖሬ አሁን ወደ ድሬ ተመልሻለሁ። የሠራሁበትን ድርጅት ስም መጥራት አያስፈልግም፤ የምነግርህ የአሠራሩን ነገር ነው።

ጥሩ ጎኑን ላስቀድም። ጥሪው ያለህበት ድረስ ይመጣል። ቦሌ ሰው አድርሰህ እዚያው አካባቢ ሌላ ታገኛለህ። ስልኩ ራሱ ቆጣሪ ስለሆነ «ስንት ነው?»፣ «ቀንስ» የሚባል ጭቅጭቅ የለም። ደንበኛው ሲወርድ ሂሳቡ ስልክህ ላይ ይወጣል፣ ለእሱም በመልዕክት ይደርሰዋል። ማታ የጫንከው ሰው ስልክ ቁጥሩ ተመዝግቧል፣ ስለዚህ አንተም ትንሽ ልብህ ያርፋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ኮሚሽኑ የሚቆረጠው ቀድመህ ከሞላኸው ሂሳብ ነው። ሂሳብህ ካለቀ ጥሪ አይመጣልህም። ይሄ ቀላሉ ነው። ዋናው ከምን ላይ እንደሚቆረጥ ነው። ከትርፍህ አይደለም፣ ከጠቅላላ ገቢህ ነው። ለምሳሌ እናስላው። በቀን 1,000 ብር ሠራህ እንበል። ነዳጅ 350፣ የባለንብረት ሂሳብ 300 ቢሆን ለቤትህ 350 ቀረ። ኮሚሽኑ 15 በመቶ ከሆነ 150 ብር ነው። 150 ከ1,000 ጎን ሲቀመጥ ትንሽ ይመስላል። ግን ከነዳጁም ከባለንብረቱም ላይ የሚነሳ ነገር የለም፤ የሚነሳው ካንተ 350 ላይ ነው። ቤት የምትገባው 200 ይዘህ ነው። ስለዚህ አፑ ያለ እሱ የማታገኘውን ሰው ካመጣልህ ያዋጣል። ያንኑ የድሮ ደንበኛህን በአፕ በኩል የምትጭነው ከሆነ ግን በገዛ ደንበኛህ ላይ እየከፈልክ ነው።

ባዶ መመለስም አለ። ከሳቢያን ተነስቶ አዲሱ ባቡር ጣቢያ ውሰደኝ የሚል ሰው ቢጠራህ የሚታሰብልህ መሄጃው ነው። መመለሻው በራስህ ነዳጅ ነው። በድርድር ስትሠራ መመለሻውን አስበህ ነው ዋጋ የምትጠራው።

እኔን ያስለቀቀኝን ልንገርህ። ታሪፉን የሚያወጣው ድርጅቱ ነው፣ ጎማ የሚቀይረው ሹፌሩ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ መለዋወጫ የት እንደደረሰ ታውቃለህ። ጎማና ፍሬን ሸራ ሲጨምር ታሪፉ አብሮ አይነሳም። በዚያ ላይ ወደ አፑ የሚገባው መኪና ገደብ አልነበረውም። መኪና በበዛ ቁጥር ደንበኛው ቶሎ ያገኛል፣ ድርጅቱም ኮሚሽኑን አያጣም። ለእያንዳንዳችን የሚደርሰው ጥሪ ግን እያነሰ ሄደ። በመጨረሻ የምሠራው ለብድሩ ብቻ ሆነ።

የማታ_ተረኛ

እኔ ከሌላው ወገን ነኝ። ነርስ ነኝ። ሹፌሮች ስለ ኮሚሽን ስትነጋገሩ ይገባኛል፣ ግን እኛንም ስሙን።

ማታ አምስት ሰዓት ከሥራ ስወጣ በር ላይ አንድ ወይ ሁለት ባጃጅ ነው የሚቆመው። ቀን በተራ በጥቂት ብር የምሄድበትን መንገድ «ኮንትራት ነው» ይለኛል። ከዚያ አፉ ላይ የመጣለትን ዋጋ ይጠራል። ሌላ ስለሌለ እከፍላለሁ። ገንዘቡ ባልከፋ፤ የሚነዳው ሰው ማን እንደሆነ አለማወቄ ነው የሚያስጨንቀኝ። ከመግባቴ በፊት የባጃጁን የጎን ቁጥር ለእህቴ እልክላታለሁ። እሷ እቤት እስክገባ አትተኛም። ይሄን የምናደርገው ብዙ ነን፣ ተረኞቹ ሁሉ።

የአዲስ አበባውን የታክሲ አፕ ራይድን የመሠረተችው ሳምራዊት ፍቅሩ ማታ ከሥራ ስትወጣ ታክሲ ማግኘቱ፣ የዋጋ ክርክሩና ፍርሃቱ እንዳነሳሳት ተናግራለች። ሴት ሆና ማታ የሠራች ሁሉ ይሄን ታውቀዋለች። ዋጋው ቀድሞ ታውቆ፣ የሹፌሩ ስምና ሰሌዳው ስልኬ ላይ ካለ፣ እኔ በበኩሌ ነገ ጠዋት አፑን እጭናለሁ።

ገንደቆሬ_ባጃጅ (ለየማታ_ተረኛ)

እህቴ፣ ያልሽው እውነት ነው፣ አይካድም። የኛንም ጭንቀት ግን ልንገርሽ። ማታ ያለነው ጥቂት የሆንነው ፈርተን ነው። ራቅ ያለ ሰፈር ገብቶ ባዶውን በጨለማ መመለስ አለ። ባጃጅ ማታ የተቀማ ልጅ እናውቃለን። ዋጋውን የሚያስወድደው አንዱ ይሄ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሹፌሩን ብታውቂው፣ ዋጋውም ከቀን ታሪፍ ትንሽ ከፍ ብሎ የታወቀ ቢሆን፣ ትከፍያለሽ?

የማታ_ተረኛ

እከፍላለሁ። ከፍ ማለቱ አይደለም ችግሩ። ሰኞ አንድ ዋጋ፣ ማክሰኞ ሌላ ዋጋ መሆኑ ነው።

ሳቢያን_ነዋሪ

የዋጋ ነገር ከተነሳማ እኔም ልጨምር። የድሮው ለገሃር መሃል ከተማ ነበር። ከባቡር ወርደህ በእግርህ ከዚራ ትገባለህ። አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ውጪ ነው። ሻንጣ ይዘህ ስትወርድ ባጃጆቹ በር ላይ ናቸው፣ በእግር አይሞከር። እንግዳ መሆንህን ከአነጋገርህ ካወቁ ዋጋው ወዲያው ይቀየራል። ለቁልቢ ገብርኤል ደግሞ፣ ታህሳስም ሐምሌም 19 ሲቃረብ፣ አልጋው ሞልቶ፣ መንገዱ ሞልቶ፣ የባጃጅ ዋጋ አይቀመስም። ስለት ይዘው የመጡ አረጋውያንን ፀሐይ ላይ አቁሞ መደራደር ለከተማችን ስም ጥሩ አይደለም።

ድሬ ሰው ወዳድ ከተማ ናት ሲባል ደስ ይለኛል። እንግዳው መጀመሪያ የሚያገኘው ሰው የባጃጅ ሹፌር መሆኑን ግን አንርሳ።

ቪትዝ_ከአዲሳባ (ለሳቢያን_ነዋሪ)

ልክ ነህ። ግን አፕ ሲመጣ የበዓል ዋጋ ይቀራል ብለህ አትጠብቅ። በብዙ ሀገር አፖች ፈላጊ ሲበዛ ዋጋውን ራሳቸው ከፍ ያደርጋሉ። ልዩነቱ ከመሳፈርህ በፊት ዋጋውን ማየትህ ነው። ካልተስማማህ ትተዋለህ።

ፔጆ404_ሐረር

ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ። ሐረር ላይ ፔጆ 404 ታክሲ ስነዳ ነው ዕድሜዬ ያለፈው። ነገሩን ከሩቅ ስከታተል ነበር፣ አንድ ነገር ልበል።

እኛን ከሥራ ያስወጣን አፕ አይደለም። ባጃጅ ነው። ባጃጅ ሲመጣ ነዳጅ አይበላም፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ ጠባብ መንገድ ይገባል። የእኛ መኪና ደግሞ ያረጀ የፈረንሳይ ሥሪት ነው። ዕቃው ከአሮጌ መኪና ተፈትቶ ካልሆነ አይገኝም። አመለከትን፣ ተሰበሰብን፣ መስመር ይለይልን አልን። ገበያው አልጠበቀንም። ይሄን የምለው በባጃጅ ልጆች ቂም ይዤ አይደለም። የራሴ ልጅም ባጃጅ ነው የሚነዳው። አዲስ ነገር ሲመጣ በሩን ዘግቶ ማስቆም እንደማይቻል ስላየሁ ነው።

መኪናውን ማጣት ብቻ አልነበረም ግን የደረሰብን። ከመኪናው ጋር የሄደ ነገር አለ። እኔ የወር ደንበኞች ነበሩኝ። ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የማደርስላቸው፣ ለሠርግ የሚጠሩኝ፣ የታመመ ሰው ሲኖር ሌሊት በሬን የሚያንኳኩ። ገንዘብ ከሌለ ለወር መጨረሻ ይቆያል። ጀጎል ውስጥ መኪና የማይገባበት መንገድ ብዙ ነው። ኤረር በር ወይም ሰንጋ በር ላይ መኪናውን አቁሜ፣ በጠባቡ መንገድ ገብቼ፣ አሮጊቷን በእጄ ይዤ አወጣ ነበር። የትኛው ግቢ እንደሆነች አውቃለሁ። ስልክ ላይ ያለ ምልክት እዚያ በር ድረስ አያደርስም።

ስለዚህ ልጄ፣ አፑ ውስጥ ብትገባም ባትገባም ደንበኛህን በስሙ እወቀው። ስልክ ቁጥሩን በራስህ ስልክ ያዝ። እኛ እንዲያ ያለ ደንበኛ የነበረን ሰዎች ነን ከባጃጅ በኋላም ጥቂት ዓመት የቆየነው።

ገንደቆሬ_ባጃጅ (ለፔጆ404_ሐረር)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ይሄን ተራ ላይ ላሉት ሁሉ አነብላቸዋለሁ።

ሕግ_ተማሪ

እኔ ከውጭ ሀገር ልምድ የማውቀውን ላካፍል። ከእኛ ቀድመው የገቡበት ሀገሮች የደረሱበትን ማወቅ ቅጹን ለያዘ ሰው ይጠቅማል።

ከጎረቤት እንጀምር። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው ደንብ አፕ ድርጅቶች ከሹፌር የሚቆርጡት ከ18 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነች። ታንዛኒያ በዚያው ዓመት ጣሪያውን 15 በመቶ አደረገችው። ዓለም አቀፉ የታክሲ አፕ ኡበር በዚህ አልሠራም ብሎ አገልግሎቱን አቋረጠ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጣሪያውን ወደ 25 በመቶ ከፍ ሲያደርገው በ2023 መጀመሪያ ተመለሰ። ከዚህ የምረዳው ኮሚሽን ከሰማይ የወረደ ቁጥር አለመሆኑን ነው። ድርድር ነው። መንግሥት ይደራደርበታል፣ ድርጅቱም አቅሙን ያሳይበታል። ሹፌሩ ብቻውን ቅጽ ላይ ሲፈርም ግን ከማንም ጋር አልተደራደረም።

ለንደን ደግሞ ሹፌሮች ኡበርን ከሰው ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ኡበር «እኔ አገናኝ ነኝ፣ ሹፌሮቹ የራሳቸው ሥራ አላቸው» ነበር የሚለው። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ይሄን አልተቀበለም። ዋጋውን የሚያወጣው ኡበር ነው፣ የውሉን ቃል የሚጽፈው ኡበር ነው፣ ጥሪ ደጋግሞ ያልተቀበለውን የሚቀጣውም እሱ ነው። ስለዚህ ሹፌሮቹ ዝቅተኛ ክፍያና የዕረፍት ክፍያ ይገባቸዋል ተባለ። በእኛ ሀገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚሸፍነው በሥራ ውል የተቀጠረን ሰው ነው። አንተ የፈረምከው ወረቀት «አጋር» ወይም «ደንበኛ» የሚልህ ከሆነ፣ አደጋ ቢደርስብህ ወይም ከአፑ ቢያስወጡህ የምትይዘው ነገር ትንሽ ነው። ቅጹ ላይ ምን ተብለህ እንደተጠራህ እስኪ እየው።

ስለ ነባር ታክሲም ጋሼ ያሉትን የሚያጠናክር አለ። ኒውዮርክ ላይ ቢጫ ታክሲ ለመሥራት የሚያስፈልገው የፈቃድ ሰሌዳ እ.ኤ.አ. በ2014 አካባቢ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። አፖቹ ከተስፋፉ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ200 ሺህ በታች ወረደ። ያንን ሰሌዳ በብድር የገዙት አብዛኞቹ ከሌላ ሀገር የመጡ ሹፌሮች ነበሩ። ከመካከላቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ራሳቸውን ያጠፉ አሉ። ከተማዋ የፈቀደችው፣ ባንኩ ያበደረው ንብረት ነበር፣ ጉዳቱ ግን የወደቀው ሹፌሩ ላይ ነው።

ነጻ_ገበያ

ወገኖች፣ ሁላችሁም ከክፉው ጎን ብቻ እያያችሁት ነው። ድሬ በንግድ የቆመች ከተማ ናት። ውድድር አያስፈራንም። ደንበኛው ተማሯል፣ ከላይ እህታችን ተናግራለች። ሹፌሩ በታሪፍ አይገዛም፣ ተራ አስከባሪው የራሱን ይወስዳል፣ ሥርዓት የለም። አፕ ይሄን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያስተካክላል። ኮሚሽኑ ከበዛ ሌላ ድርጅት ይመጣል፣ ሹፌሩም ወደ ተሻለው ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ ሁለት አፕ ከፍቶ የሚሠራ ስንት አለ።

ቪትዝ_ከአዲሳባ (ለነጻ_ገበያ)

ሁለት አፕ ከፍቼ እሠራ ነበር፣ ይረዳል። ግን ያ የሚሆነው ሁለተኛው ድርጅት ካለ ነው። ድሬ ላይ መጀመሪያ የገባው ደንበኛውንም ሹፌሩንም ከያዘ ሁለተኛው ለምን ይመጣል? ደንበኛው መኪና ወዳለበት አፕ ነው የሚሄደው፣ መኪናውም ደንበኛ ወዳለበት። አንዱ ከቀደመ በኋላ ሌላው ለመግባት ብዙ ገንዘብ ማፍሰስ አለበት። ቻይና ላይ ኡበር ራሱ ከሀገሩ አፕ ከዲዲ ጋር ሲወዳደር ቆይቶ በ2016 እ.ኤ.አ. ሥራውን ለዲዲ ሸጦ ወጣ። ኡበር ያልቻለውን እኛ ከተማ ማን ይችለዋል? ለዚህ ነው ገና ሳይገባ፣ አሁን እየለመኗችሁ እያለ፣ መነጋገር የሚሻለው። ኮሚሽን የለም የሚሉት እናንተን እስኪሰበስቡ ነው።

ተራ አስከባሪን በተመለከተ አልከራከርህም።

ታይዋን_ነጋዴ

እኔ እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ ዕቃ እሸጣለሁ። አንድ ነገር ማንም አላነሳም። ባጃጅ በድሬ ኮንትራት ብቻ አይደለም። አብዛኞቻችን የምንሄደው በተራ ነው፣ ከማናውቀው ሰው ጋር ተጋርተን፣ የድርሻችንን ከፍለን። ጠዋት ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ወደ አሸዋ ገበያ አትክልት ይዘው የሚገቡ እናቶች፣ ሁሉም በዚህ ነው የሚንቀሳቀሰው። አፕ የሚጠራው ባጃጅ ግን የአንድ ሰው ነው። ገንዘብ ያለው ቤቱ ሆኖ ጠርቶ ለብቻው ይሄዳል።

ታዲያ ባጃጆቹ ሁሉ ጥሪ ፍለጋ ከተራ ቢወጡ እኛ ምን እንሳፈራለን? ከገጠር ጆንያዋን ይዛ የመጣች እናት አፕ የሚጭን ስልክ የላትም። አሁንም ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ ሲበረታ፣ ተራ ላይ ባጃጅ ይጠፋል። ያኔ ሰልፉ ላይ የሚቆመው ማን እንደሆነ መጥታችሁ እዩ። ሽማግሌና ልጅ ያዘለች ሴት ናት።

አፑን አልቃወምም። እኔም ዕቃ ስጭን ቢመጣልኝ ደስ ይለኛል። ቢያንስ ስማርት ስልክ የሌለው ሰው የሚደውልበት አጭር ቁጥር ይኑር። ጠዋትና ማታ ደግሞ መስመሩ አይራቆት።

ገንደቆሬ_ባጃጅ (ለታይዋን_ነጋዴ)

እትዬ፣ ይሄን እኛም ተራ ላይ አላሰብነውም ነበር። ሁላችን ስንከራከር የነበረው ስለ ኮሚሽን ብቻ ነው።

ባለንብረት

ሹፌሮቹ ስለ ድርሻቸው ሲያወሩ ባለንብረትም አለ። ባጃጅ የገዛሁት በዕቁብና በብድር ነው። ቦሎ፣ ሦስተኛ ወገን መድን፣ የሞተር እድሳት ሁሉ በእኔ ነው። አፕ ቢገባ ሹፌሩ ስንት እንደሠራ አያለሁ፣ ይሄ ለእኔ ጥሩ ነው። ሹፌሮች ግን እንደማይወዱት አውቃለሁ። ስለዚህ ሊብሬዬን ኮፒ አድርጎ ከመስጠቱ በፊት ሹፌሩ ለእኔ ይንገረኝ። ስሜ ያለበት ንብረት ነው። ኮሚሽን ሲጀመርም ሂሳቡ እንዳለ ይቀጥላል ወይስ አብረን እንካፈለዋለን የሚለው ቀድሞ ካልተነገረ በኋላ ያጣላናል።

ኮድ_ጸሐፊ

ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፣ የድሬ ልጅ። ከሁላችሁም የሰማሁትን ይዤ አንድ ምሳሌ ላምጣ። ባጃጃችን ከተሠራበት ሀገር፣ ከህንድ ነው።

ቤንጋሉሩ ከተማ የባጃጅ ሹፌሮች በኮሚሽን ተማረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ገደማ የሹፌሮቹ ማህበር ከሶፍትዌር ሠሪዎች ጋር ሆኖ ናማ ያትሪ የሚባል አፕ ጀመረ። ከጉዞ ላይ ምንም አይቆረጥም። ደንበኛው የሚከፍለው በቀጥታ ለሹፌሩ ነው። ቆይቶ ወጪውን ለመሸፈን ሹፌሩ በቀን 25 ሩፒ የሚከፍልበት አሠራር መጣ፤ የሠራው ገንዘብ ቢበዛም ያው 25 ነው። ሹፌሮቹ በብዛት ስለገቡበት እነ ኦላ (የህንድ አፕ ነው) እና ኡበርም ለባጃጅ ከኮሚሽን ወደ ቋሚ ክፍያ መሄድ ጀመሩ።

ይሄ ለድሬ ይሆናል ወይ? እኔ ይሆናል እላለሁ፣ ግን ወጪውን በግልጽ ልናገር። አፑን መጻፍ ከባዱ ክፍል አይደለም። ገንዘብ የሚበላው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሰርቨር አለ፣ የጽሑፍ መልዕክት በእያንዳንዱ ጉዞ ይከፈልበታል፣ አጭር ቁጥር ከቴሌ መውሰድ አለ፣ ስልክ የሚያነሱ ልጆች ደመወዝ አለ። በተለይ ስልክ የሚያነሱት። ድሬ ላይ ሰው አድራሻ የሚናገረው በመንገድ ስም አይደለም። «ነምበር ዋን፣ መስጊዱን አልፎ፣ ሱቁ አጠገብ» ነው የሚለው። ይሄን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ሰምቶ የሚረዳ የሰፈሩ ልጅ ያስፈልጋል። ክረምት ላይ ደቻቱ ወንዝ ሲሞላ መጋላና ከዚራ እንዴት እንደሚገናኙ ማወቅ አለበት። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ያ ወንዝ ከ200 በላይ ሰው የወሰደብን ነው፤ በዝናብ ሰዓት ሹፌርን በወንዙ አሸዋ በኩል አቋርጥ የሚል ሰው መኖር የለበትም። አዲስ አበባ የተቀመጠ ጥሪ ተቀባይ ይሄን ከየት ያውቃል?

ኔትወርክ ሲጠፋስ? በ2012 ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ለሳምንታት ሲዘጋ በኢንተርኔት የቆመ ሥራ ሁሉ ተኝቶ ነበር። ስለዚህ ተራው መፍረስ የለበትም። አፑ ተራውን የሚያግዝ እንጂ የሚተካ መሆን የለበትም ባይ ነኝ።

ቪትዝ_ከአዲሳባ (ለኮድ_ጸሐፊ)

አቦ ይሄ ነው! ቋሚ ክፍያ ቢሆን እኔ ዛሬም አዲስ አበባ እሠራ ነበር። ኮሚሽን ስትከፍል ብዙ በሠራህ ቁጥር ብዙ ይወስድብሃል። ቋሚ ከሆነ ከተወሰነ ጉዞ በኋላ ያለው ያንተ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ሥራ በሌለበት ቀን፣ ባጃጁ ጋራዥ በገባበት ቀን፣ መከፈል የለበትም።

ነጻ_ገበያ

ማህበር ስትሉ ያሳስበኛል። ማህበር ውስጥ ሊቀመንበሩ ዘመዱን አስቀድሞ ሌላውን ያስቀራል። የማን ጥሪ ለማን እንደሄደ ማን ያያል? ድርጅት ቢያንስ በኮምፒውተር ነው የሚያከፋፍለው።

ኮድ_ጸሐፊ (ለነጻ_ገበያ)

ጥያቄህ ትክክል ነው። ናማ ያትሪ የጉዞውን ቁጥርና የሹፌሮቹን ገቢ በየቀኑ ድረ ገጹ ላይ ለሁሉም ያሳያል፣ ኮዱም ማንም እንዲያየው ክፍት ነው። እኛም ጥሪው ቅርብ ላለው ባጃጅ እንደሚሄድ ሁሉም የሚያየው ካደረግነው ሊቀመንበሩ እጁን የሚያስገባበት ቦታ ይጠብበታል።

ገንደቆሬ_ባጃጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የማደርገውን ወስኛለሁ። ለጊዜው አልፈርምም፣ በሩንም አልዘጋም። እሑድ ተራ ላይ ስብሰባ አለን። ልጆቹን እንጠራቸዋለን፣ ግን አንድ በአንድ ሳይሆን ሁላችንም ባለንበት። የኮሚሽኑን መጠን ከነጣሪያው በጽሑፍ እንፈልጋለን። ነዳጅ ሲጨምር ታሪፉ በስንት ጊዜ እንደሚከለስ፣ ከባቡር ጣቢያና ከመልካ ጀብዱ ባዶ መመለስ እንዴት እንደሚታሰብ እንጠይቃለን። ጠዋትና ማታ መስመር ላይ ስንሠራ አፑን ብንዘጋ እንዳንቀጣ እንላለን፣ ይሄ የእትዬ ነው። ካልተስማሙ ኮድ_ጸሐፊን ይዘን ወደ ማህበሩ እንሄዳለን፤ ወንድሜ፣ ለስብሰባው ብትመጣልን ደስ ይለናል። ባለንብረቴንም ዛሬ ማታ ደውዬ አነጋግረዋለሁ።

ለማታ ተረኛዋ እህታችን፦ እናንተ አንድ ላይ የምትወጡ ስንት ናችሁ? ሰፈራችሁ ተቀራራቢ ከሆነ እኔና ሁለት ጓደኞቼ ተራ ገብተን፣ በወር ሂሳብ፣ በታወቀ ዋጋ ልናደርሳችሁ እንችላለን። ለዚህ አፕ መጠበቅ አያስፈልግም። ሥራ አስኪያጃችሁ ወይም የጥበቃ ኃላፊው የሦስታችንን መታወቂያና የጎን ቁጥር ይያዝ።

የማታ_ተረኛ

ስምንት ነን። አምስቱ ሳቢያን፣ ሁለቱ አዲስ ከተማ፣ እኔ ገንደ ቆሬ። ነገ ለተረኞቹ እነግራቸዋለሁ፣ በውስጥ መስመር እጽፍልሃለሁ። በታክሲ የሚመላለሱ ሌሎችም ክፍሎች አሉ፣ እነሱም ይፈልጋሉ።

ሕግ_ተማሪ

ለእሑዱ ስብሰባ አንድ ነገር ልጨምር። ቅጹን ከመፈረማችሁ በፊት ሙሉ ውሉን በምታነቡት ቋንቋ ጠይቁ፤ ቅጹ ብቻ ውሉ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ዋናው ውል አፑ ስትከፍት «እስማማለሁ» የምትለው ጽሑፍ ውስጥ ነው ያለው። እዚያ ውስጥ «ድርጅቱ ክፍያውን በማንኛውም ጊዜ መቀየር ይችላል» የሚል መስመር ካለ፣ በቃል የነገሯችሁ ሁሉ አይያዝም። ያ መስመር ይውጣ፣ ወይም ለውጡ ከስንት ቀን በፊት እንደሚነገራችሁ ይጻፍ በሉ።

ቪትዝ_ከአዲሳባ

ፈርመው ለገቡት ልጆችም ንገሯቸው። የሰጡትን ወረቀት ኮፒ ይዘው ይቆዩ፣ ሊወጡ ቢፈልጉ እንዴት እንደሚወጡም ይጠይቁ። እኔ ከአፑ ስወጣ ሂሳቤ ላይ የቀረውን ብር ለማስመለስ ብዙ ተመላልሻለሁ። ሲገቡ የሚሞላው ብር ሲወጡ በስንት ቀን እንደሚመለስ ያም ይጻፍ።